ጭቃ የሚጠላ ገበሬ

ባሌ ሰቨሪን ገበሬ ነው፤ ጭቃ ግን አይወድም። ብትስቁ አልቀየማችሁም። እኔ አብሬው የኖርኩት ሴት ግን ሳቁ ካለቀብኝ ቆይቷል። ጭቃ የማይወድ ሰው ሰዓት ጠጋኝ ይሆናል፣ የቢሮ ጸሐፊ ይሆናል፣ ቢቸግረው ቄስ ይሆናል፤ የእኛ ቄስ ሚስት ስለማያገባ፣ ቄስ ቢሆን ደግሞ እኔም በተረፍኩ ነበር። የእኔው ጉድ ግን ጥቅምት ሲገባ ቦት ጫማን ከነእግር በሚውጠው በዚህ በኩያቪ አውራጃ ዋልካ ላይ ለስኳር ፋብሪካ የሚሸጥ የስኳር ሥር ያመርታል።

የስኳር ሥር እንደ ዘመዱ እንደ ቀይ ሥር ለዓይን የሚያምር ነገር አይደለም። ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጠማማ ነው። ጎኑ ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ስርጉድ አለው፤ ዋልካው እዚያ ገብቶ ከተጣበቀ በጸሎትም አይወጣ። ሌላው ሰው በመንሽ ይፈነቅለዋል፣ ሁለቱን ሥር እርስ በርስ አንዴ ያጋጫል፣ ቅጠሉን ከነአናቱ ቆርጦ ወደ ክምሩ ይወረውራል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሰቨሪንም ይፈነቅላል፣ ያጋጫል፣ ይቆርጣል። ከዚያ ግን ሥሩን እንደሚታጠብ ሕፃን ጭኑ ላይ ያጋድምና በቢላዋ ጀርባ ስርጉዱን ይፍቃል፤ ያገላብጣል፤ እንደገና ይፍቃል። መንደሩ ፀጉር አስተካካዩ ነው የሚለው።

ከሁሉ የባሰው ዜኖን ነው። ዜኖን ጎረቤታችን ነው፤ የሴት ልጃችንም የክርስትና አባት ነው። አበልጅ ስለሆነ እንዳሻው የመናገር መብት አለው፤ ባይኖረውም መናገሩን አይተውም ነበር። አጥሩ ላይ ይደገፍና ይጀምራል።

"አበልጄ፣ ልትፍቃት ነው ልታገባት?"

"የራስህን ተመልከት" ይለዋል ሰቨሪን ቀና ሳይል። "አንተ ጋሪ ላይ ከሥሩ አፈሩ ይበዛል።"

"ፋብሪካው ውሃ አለው እኮ። ወንዝ ሙሉ ውሃ አለው። ከወንዝ ጋር ምን ያፎካክርሃል?"

"አፈሩ የእኔ ነው። ምን በወጣኝ ለፋብሪካ እሰጣለሁ?"

"እንግዲያው ትራስህ ሥር አድርገህ ተኛበታ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ሰውዬው በቤት ውስጥ አንዲት ሳህን አጥቦ አያውቅም። ሸሚዙ ካወለቀበት ወንበር ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ቦት ጫማውንማ የሚያራግፈው ገና ወልውዬ ባልደረቀው የወጥ ቤቴ ወለል ላይ ነው። የሚጠላው ሥሩ ላይ ያለውን ጭቃ ብቻ ነው፤ የተቀረው ጭቃ የእኔ ድርሻ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከአማቴ፣ ከሰቨሪን አባት ከቫለንቲ ነው። እዚህ ሁላችንም የስኳር ሥሩን የምናስረክበው ለአንድ ፋብሪካ ነው። ጋሪህ ግቢው ውስጥ ይመዘናል፤ ከዚያ ተረካቢው ከጭነቱ በአካፋ ዝቆ ናሙና ይወስዳል፤ ናሙናው ይታጠባል፤ ከመቶው ስንት እጁ አፈር እንደሆነ ከስምህ ጎን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ሰሌዳው በሩ አጠገብ ስለተሰቀለ ወረፋ የያዘው ሁሉ ያነበዋል። በኛ አገር የጎረቤቱን ኃጢአት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቄሱን ማባበል አያስፈልገውም። እንግዲህ ሰቨሪን ገና ልጅ ሳለ፣ አማቴ ያስገቡት ጋሪ ሲዛቅ ከሥር ድንጋይ ወጣ፤ አንድ ሁለት ሳይሆን ባልዲ የሚሞላ ድንጋይ። የቀን ሠራተኞቹ በጥድፊያ ከሥሩ ጋር ሰብስበው የወረወሩት ነው። አማቴ ልብ አላሉም ነበር። የዚያን ጊዜው ተረካቢ ግን "ሚዛን ሊሰርቅ ነው" ብሎ ጮኸ፤ አማቴም ወረፋው ሁሉ እያየ የጋሪያቸውን ሥር አንድ በአንድ በእጃቸው እንዲያራግፉ ተደረገ። ሰቨሪን ጋሪው ላይ ተቀምጦ አየ።

ከዚያ በኋላ የቤተሰቡ ስም ባለድንጋዮቹ ሆኖ ቀረ። ሰቨሪንን ላገባ ነው ብዬ ስናገር እናቴ "የትኛውን ሰቨሪን? የባለድንጋዮቹን?" አለች። "አዎ" አልኳት። ትንሽ አሰበችና "ይሁን፤ ድንጋይም ቤት ይሠራል" ብላ መረቀችኝ። አማቴ እስኪሞቱ ድረስ ወደዚያ ፋብሪካ ሲሄዱ ኮፍያቸውን ዓይናቸው ድረስ ዝቅ ያደርጉ ነበር።

አሁን ተረካቢው አቶ አሎይዚ ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ቁጡ ናቸው፤ ግን እንደ ሚዛናቸው ቀጥ ያሉ ሰው ናቸው። አቶ አሎይዚ አንድ ልማድ አላቸው። ሰውየውን ካመኑት አካፋቸውን መሬት ላይ ያጋድሙና ኮፍያቸውን ነካ ያደርጋሉ። ያ ጋሪ ናሙና ሳይወሰድበት ያልፋል፤ ሰሌዳው ላይም ከስሙ ጎን ምንም አይጻፍም። መመሪያ አይፈቅደውም፤ አቶ አሎይዚ ግን መመሪያው ሳይጻፍ በፊት የነበሩ ሰው ስለሆኑ ማንም አይናገራቸውም። እኔ እስከማውቀው አካፋው የተጋደመው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለማዶው መንደር ካስፐር። እሱም ከሞተ ቆይቷል።

የእኔ ባል የሚፈልገው ያንን ባዶ ቦታ ነው። የሰቨሪን ስም፣ ከጎኑ ምንም። አፉን ከፍቶ ነግሮኝ አያውቅም፤ ግን ሚስት ነኝ፣ መነገር አያስፈልገኝም። ፋብሪካ ደርሶ ሲመለስ "ወሰዱ?" እለዋለሁ። "ወሰዱ" ይለኛል፤ ሌላ ወሬ የለም፤ ጫማው ወለሌ ላይ ይራገፋል። ሁልጊዜ የሰሌዳው ትንሹ ቁጥር የእሱ ነው፤ ትንሽ ቁጥር ግን ባዶ አይደለም። ዘንድሮ ደግሞ አቶ አሎይዚ "በዚህ ምርት ጡረታዬን እወጣለሁ" ብለው አስወሩ፤ ከዚያ ወዲያ ባሌ የሚፍቀውን እጥፍ መፋቅ ጀመረ።

እንግዲህ በዚያ ፍቅፈቃው ነው ጉዱ የመጣው። ኅዳር ላይ ነው፤ ግማሹ ማሳ ገና አልተነቀለም፤ ሰቨሪን አንዲት ሥር አንሥቶ ስርጉዷን ሊያይ ጎንበስ እንዳለ እዚያው ቀረ።

"ሊዮካዲያ" ብሎ ተጣራ።

"ምን ሆንክ?"

"ቀና ማለት አቃተኝ።"

"ታዲያ ምን እያደረግክ ነው?"

"እያሰብኩ ነው።"

እንደ ሰንጢ እንደታጠፈ ደግፌ አስገባሁትና አልጋ ላይ አጋደምኩት። ሥሯን ከእጁ ማስለቀቅ ራሱ ሥራ ነበር። የማስረከቢያ ተራችን ሐሙስ ነው። ሬዲዮው ደግሞ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ውርጭ ይወርዳል ይላል። ውርጭ መትቶት መልሶ የቀለጠ ሥር ይበሰብሳል፤ ፋብሪካው በሩንም አያሳየው። ሰማዩ እስከዚያ ድረስ ዝናቡን ያወርደዋል፤ ማሳው ሊጥ ሆኗል።

"ዜኖንን ልጥራ" አልኩት።

"ዜኖን እጁን ሥሬ ላይ አያሳርፍም።"

"እንግዲያው ተነሣና ንቀል።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህንን እሺታ ነው ብዬ ሻሼን አስሬ ወጣሁ። ዜኖን ከሚስቱ ከፔላጊያ ጋር ጎምዛዛ ሾርባውን ሊበላ ገና መቀመጡ ነው።

"ምነው፣ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘጋ እንዴ?" አለኝ።

"ዘጋ። ወገቡ ተያዘ። ግማሹ ማሳ እንዳለ ነው።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። ዜኖን ሾርባ ጀምሮ ሳይጨርስ ሲነሣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ፔላጊያ እንኳ ክው ብላ አየችው። የእሱም ማሳ ጥጉ አልተነቀለም ነበር። ስለ እሱ አንድ ቃል ሳይናገር መንሹን አነሣና በየደጁ እየጮኸ ያገኘውን ሰው ሁሉ ይዞ መጣ።

በዝናቡ ውስጥ ገቡበት። ማጋጨት የለ፣ መፋቅ የለ፤ እየፈነቀሉ፣ አናቱን እየቆረጡ ከነጓሉ መወርወር ብቻ ነው። እኔም እንደነሱው ወረወርኩ፤ ሊመሽ ነው፣ ምን ላድርግ። ሰቨሪን አልጋውን ወደ መስኮቱ ካላስጠጋችሁልኝ ብሎ አገር ይያዝልኝ አለ፤ አስጠጋንለት። መስኮቱን ከፍቶ ማዘዝ ያዘ።

"አጋጩት። ሁለቱን አጋጩት እንጂ።"

"ሰማንህ አበልጄ" አለ ዜኖን ከማሳው። "ዝም ካላልክ አንተን ከአልጋው ጋር ነው የማጋጭህ።"

ከዚያ ደግሞ በር በሩን ማየት ጀመረ። ፔላጊያ ውሃ ልትጠጣ ስትገባ ሥር አምጪልኝ ብሎ ለምኗት ኖሯል፤ እኔ ስገባ ምን አያለሁ? ባሌ ቅርጫት ሙሉ ሥር አልጋው ላይ ደፍቶ፣ ተጋድሞ ይፍቃል። በምን ላይ? እናቴ ለሠርጌ በሰጠችኝ በዝይ ላባ ብርድ ልብሴ ላይ።

"ሰቨሪን።"

"ይታጠባል" አለኝ።

"ማነው የሚያጥበው?"

 ስርጉዱን መፋቁን ቀጠለ። ተናድጄም ሳቄ መጣ፤ ፔላጊያ እንዳታየኝ ፊቴን አዞርኩ።

ጋሪው ተጫነ። መልኩን ብታዩት ከስኳር ሥር ጋሪ ይልቅ የዋልካ ጋሪ ይመስላል። ዜኖን በመጨረሻ ወደ መኝታ ቤት ገባና ያን የተፋቀ ቅርጫት ተሸክሞ አውጥቶ ከላይ ዘረገፈው። መጨረሻ የተጫነ ነገር ከላይ ይሆናል፤ ማናችንም አስበን ያደረግነው አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ሰቨሪን እኔ ነኝ የማስረክበው አለ። "እኔና ዜኖን እንወስደዋለን፣ አንተ ተኛ" ስለው "ጋሪው ላይ ያለው የእኔ ስም ነው" አለኝ። ወገቡን በሱፍ ሻርፕ ጠፍሬ አሰርኩት፤ ከዜኖን ጋር ሆነን እንደ ጆንያ ጋሪው ላይ ሰቀልነው። የዳማ ፈረሳችንን ልጓም እኔ ያዝኩ። ዜኖን የራሱን ጋሪ ይዞ ከኋላችን ተከተለ። መንገዱን ሙሉ ሰቨሪን አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

"ዛሬ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ሰው ሁሉ ያያል።"

"ታምሜ ነበር በላቸው" አልኩት። "ደግሞ ለአንድ ቀን ብትቆሽሽ ምን አለበት? ዜኖን ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ነው፤ እንቅልፍ አጥቶ አያውቅም።"

ወረፋው ውስጥ እንደገባን የታወቀው ነገር ተጀመረ። አንዱ "ፀጉር አስተካካዩ ሰላምታ ሲሰጥ እንዴት ጎንበስ ይላል" አለ፤ ሌላው "ተዉት፣ መሬት ላይ የወደቀ ጭቃ እየፈለገ ነው" አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይመልስላቸው ነበር። ያን ቀን ዓይኑን ከሰሌዳው አላነሣም። ከስሙ ጎን ትልቅ ቁጥር ሲጻፍ፣ ባለድንጋዮቹ የሚለው ወሬ እንደገና ሲነሣ እየታየው እንደነበር አውቃለሁ።

ተራችን ደረሰ። ጋሪው ተመዘነ። አቶ አሎይዚ አካፋቸውን ይዘው መጡና ጭነቱን ቀና ብለው አዩ። ከላይ ያለው ነጭ፣ የተፋቀ፣ ስርጉዱ ውስጥ ጥቁር ነገር የሌለበት ሥር ነው። ከዚያ ሰቨሪንን አዩት፤ ጎብጦ፣ በሚስቱ ሻርፕ ታስሮ፣ ፊቱ ገርጥቶ።

"ወገብህን ነው?"

"ወገቤን ነው፣ አቶ አሎይዚ።"

"በዚህ ወገብህ ፍቀህ መጣህ?"

ሰቨሪን መልስ ሳይሰጥ አቶ አሎይዚ ራሳቸውን ነቀነቁ።  ከዚያ አካፋቸውን መሬት ላይ አጋደሙና ኮፍያቸውን ነካ አደረጉ።

ከኋላችን ያለው ወረፋ ሁሉ አንገቱን አሰገገ።  ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ፍቅፈቃ፣ የአማቴ ኮፍያ፣ የእናቴ ጥያቄ፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። እግዜር የሰጠውን ሰው አይመልስም አልኩና ዳማውን ላንቀሳቅስ ልጓሙን አነሣሁ። ሰቨሪን እጁን እጄ ላይ አሳረፈ።

"አቶ አሎይዚ፣ አካፋውን ያንሱት" አለ።

"ምን አልክ?"

"የተፋቀው ላይ ላዩ ብቻ ነው። ከሥር ጭቃ ነው። ዝቅ አድርገው ይዛቁት።"

"ሰቨሪን፣ አብደሃል?" አልኩት በሹክሹክታ፤ ጎኑንም ቆነጠጥኩት። የታመመውን ጎኑን ስለሆነ ቃተተ፤ ሐሳቡን ግን አልለወጠም።

"አንተ ሰውዬ፣ አሳለፉህ እኮ፤ እለፍ እንጂ" አለ ዜኖን ከኋላ።

አቶ አሎይዚ ደስ ያላቸው አይመስልም። "በመጨረሻ ቀኖቼ ሥራ ልታበዛብኝ መጣህ" ብለው እያጉረመረሙ ጎንበስ አሉና አካፋቸውን አነሡ። ከጭነቱ መሃል ዛቁ። የወጣውን ለመናገር እንኳ ያሳፍራል፤ ጓሉ ከሥሩ ይበልጣል። ታጠበ፣ ተመዘነ፣ ተጻፈ። የዚያን ቀን ከተጻፈው ቁጥር ሁሉ ትልቁ ከባሌ ስም ጎን ተጻፈ።

ከወረፋው መሃል አንዱ "ባለድንጋዩ" ሲል ሰማሁ። ዜኖን ከጋሪው ወረደ።

"የታለ ድንጋዩ?" አለው። "ጭቃ ነው ያየኸው። ጭቃው ደግሞ የእኔ ነው፤ የነቀልኩትም የጫንኩትም እኔ ነኝ። የምትለው ካለ ለእኔ በለኝ።"

ሰውዬው ወደ ጋሪው ዞረ። የዜኖን ጋሪ ተመዝኖ ቁጥሩ ሲጻፍ ግን አበልጃችን ሰሌዳውን ደጋግሞ አየ፤ ጨዋነቱ እስከዚያ ድረስ ነበር።

"አበልጄ፣ በንጽሕና በለጥኩህ እኮ" አለ። "ይህን ለልጅ ልጆቼ ሳልናገር አልሞትም።"

ሰቨሪን እንኳ ፈገግ አለ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ንድድ ብሎኝ ነበር። ባዶውን ጋሪ ይዘን ከግቢው ስንወጣ ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ስድብ አዘጋጅቻለሁ። አቶ አሎይዚ ሊሄዱ ነው፤ ከሳቸው በኋላ የሚመጣው ሰው እንኳን ኮፍያውን ሊነካ ስማችንንም አያውቀው። ዕድሜውን ሙሉ የለፋበትን ነገር በእጁ ሰጡት፤ በእጁ መለሰላቸው።

"ለምን?" አልኩት። "ማን ጠየቀህ? እሳቸው አልጠየቁህ፣ እኔ አልጠየቅኩህ። አፍህን ዘግተህ ብታልፍ ምን ነበረበት?"

ወገቡን በሁለት እጁ ያዘ። ያመመው መስሎኝ ዳማውን ቀስ አደረግኩት።

"አባቴ ድንጋዩን ሳያውቅ ሌባ ተባለ" አለ። "እኔ ጭቃውን እያወቅኩ ንጹሕ ልባል?"

ስድቡን ሁሉ ዋጥኩት።  ኮራሁበት። ያገባሁት ቀን እንኳ እንደዚያ አልኮራሁበትም። አልነገርኩትም፤ ዛሬም አልነግረውም፤ ከነገርኩት ወገቡ ቀና ማለት እንዳቃተው አንገቱ ደግሞ ጎንበስ ማለት ያቅተዋል። ሻርፑ ላልቶበት ስለነበር ጋሪውን አቁሜ እንደገና ጠበቅ አድርጌ አሰርኩለት።

"የዜኖን ጥግ አልተነቀለም" አለኝ። "ውርጩ ዛሬ ማታ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"አንቺ ሂጂላቸው። እኔን ማሳው ዳር አስቀምጪኝ፤ ተቀምጬ አናት እቆርጣለሁ።"

ቤት ሳንገባ በቀጥታ ወደ ዜኖን ማሳ ዞርን። ፔላጊያ የተገለበጠ ቅርጫት ላይ አስቀመጠችው፤ እኔ እየፈነቀልኩ አቀበልኩት። ቢላዋውን ይዞ አናቱን ይቆርጥና ሥሩን በእጁ እንደያዘ ስርጉዱን ያያል። ዓይኑ ሲያሳዝን። ሰማዩ እየጠራ፣ ብርዱ እየገባ ነበር።

"አበልጄ፣ ይመሻል" አለው ዜኖን።

ሰቨሪን ሥሩን ከነጭቃው ወረወረውና እጁን ለሚቀጥለው ዘረጋልኝ።